ምዕራፍ ሰባት፦ አልበላም ያለ ውሻ

በመካነ ሰላም ዙሪያ በገበሬ ግቢ ያደገ ውሻ ምግብ አይመርጥም። ቤተሰቡ በልቶ ሲነሣ የእንጀራ ጠርዝ፣ የገብስ ቂጣ ቁራሽ፣ የድስት እጣቢ በአሮጌ ሳህን ወይም በተሰበረ ገል ይቀርብለታል። ቆሞ ይውጠዋል፣ ዕቃውን ይልሳል፣ ወደ በሩ ይመለሳል። በዓል ሲመጣ አጥንትና የሆድ ዕቃ ያገኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የክርስቲያኑ ቤት ውሻ 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት የነካው ነገር አይደርሰውም። በረመዳን ደግሞ የሙስሊሙ ቤት ውሻ ቀኑን ማጀት ደጅ ተኝቶ ማፍጠሪያን ይጠብቃል። በወሎ ቦረና ሁለቱ ቤቶች በአንድ አጥር የሚዋሰኑበት ብዙ ነውና፣ የሠፈሩ ውሻ በየትኛው ወር ከየትኛው ደጅ ምን እንደሚወጣ ጠንቅቆ ያውቃል።

ይህ ውሻ በእህል መኖሩ የሚያስደንቅ ነገር አለው፤ ዘሩ የሥጋ በል ዘር ነውና። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ኤሪክ አክሰልሰንና ባልደረቦቹ የውሻንና የተኩላን ዘረ መል አነጻጽረው ምክንያቱን አሳዩ። የእህልን ስታርች ወደ ስኳር የሚሰብረው ኢንዛይም፣ ማለትም አሚሌዝ፣ የሚሠራበት ዘረ መል በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ አለው። በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተገኘ። ከገበሬ ጋር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት የውሻ ሆድ ከገበሬው ማዕድ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ስለዚህ ጤነኛ ውሻ እንጀራ ፊት ቀርቦለት ዘወር ካለ፣ እንጀራው ለውሻ ስለማይሆን ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ዘወር የሚለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነው። ጸጉሩ የተንዠረገገ፣ ክብደቱ 3 ወይም 4 ኪሎ የሆነ፣ በተለምዶ የፈረንጅ ውሻ የሚባለው። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ተለምዷል። ወደ ደጋው ሲመጣ ደግሞ በሰው ጉያ ወይም በካርቶን ተይዞ፣ በደሴ በኩል አቀስታን አልፎ ነው የሚደርሰው። ያመጡት ሰዎች አብዝተው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ምን ብሰጠው ይበላል? ጎረቤት ደግሞ ሳይጠየቅ ይመልሳል፦ «ጠግቦ ነው እንጂ ምን ይሆናል?»

ጎረቤቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ቃሉን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ምርመራ ውጤት ብንወስደው ነገሩ ይገለጥልናል።

የእንስሳት ሐኪሞች የውሻን የዕለት የኃይል ፍላጎት የሚያሰሉበት ቀመር የታወቀ ነው። ለአንድ ጎልማሳ፣ 4 ኪሎ ለሚመዝን የቤት ውሻ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። 20 ኪሎ የሚመዝን የግቢ ጠባቂ ወደ 1,000 ይፈልጋል። በአንድ ኪሎ ሲታሰብ ትንሹ ውሻ ከትልቁ ይበልጣል፤ ትንሽ ገላ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ፣ በተለይ እንደ መካነ ሰላም ባለ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ አገር፣ ብዙ ያነድዳል። በጠቅላላው ሲታይ ግን የሚያስፈልገው የትልቁ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ዓይን የሚለካው በሰው ቁራሽ ነውና።

የአንድ ቀን ውሎውን እንቁጠር። ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ከልጆቹ አንዱ የዳቦውን እኩሌታ ይሰጠዋል፤ 50 ግራም ዳቦ 130 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። እናት «አልበላም እኮ» ብላ ስለምትሳሳለት ፍትፍቱን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ታሽለታለች፤ ቅቤው ብቻውን 100 ይሆናል። አያት ከእንቁላላቸው ግማሹን ያጎርሱታል፤ 35። ከወተት ብርጭቆ ሥር የቀረው ሲላስ 30። እስካሁን ማንም «ውሻውን መገብሁት» አላለም፤ ውሻው ግን የቀን ቀለቡን ጨርሷል። ማታ ሳህኑ ሞልቶ ሲቀርብለት ያሸተውና ይተኛል። ቤተሰቡ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ደግሞ የተጠበሰ ጉበት ያወጣል።

ጉርሻ የፍቅራችን መገለጫ ነው። ለእንግዳ፣ ለልጅ፣ ለታመመ የምናጎርሰው እንዲበላ ብቻ ሳይሆን እንደምንወደው እንዲያውቅ ነው። ትንሽ ውሻም ከዚህ ፍቅር መካፈሉ የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን የሚያጎርሱት አምስት፣ የሚጎርሰው 4 ኪሎ ሲሆን ቁጥሩ አይገጥምም። መፍትሔው ፍቅሩን ማቆም ሳይሆን በአንድ ዕቃ መሰብሰብ ነው። ጠዋት የውሻው የቀን ምግብ ተለክቶ በአንድ ክዳን ባለው ሳህን ይቀመጥ፤ ማጎረስ የፈለገ ሁሉ ከዚያው ያጉርስ። ማታ ሳህኑ ባዶ ከሆነ ውሻው በልቷል። በሐኪሞች ልማድ ከዋናው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ቁራሽ ከዕለት ኃይሉ አንድ አሥረኛ መብለጥ የለበትም፤ ለዚህ ውሻ ያ ማለት ከግማሽ እንቁላል አይበልጥም።

ሁለተኛው የመምረጥ ምንጭ ትምህርት ነው፤ አስተማሪዎቹም እኛው ነን። ውሻ ማስታወስ የሚችል እንስሳ ነው። ሰኞ ፍትፍቱን ትቶ ጉበት ካገኘ፣ ማክሰኞ ፍትፍቱን የሚተወው ስለጠላው ላይሆን ይችላል፤ ትናንት መተው ጉበት እንዳመጣ ስለሚያውቅ ነው። ረቡዕ ጉበቱን ሲሰለች ቋንጣ ይመጣል። በሳምንት ውስጥ ቤቱ በሙሉ ለውሻው ማታ ማታ የሚያማርጥ ይሆናል። ጉበት በየቀኑ መስጠት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ስለሆነ ለወራት ሲደጋገም ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ አጥንትና መገጣጠሚያን ይጎዳል። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ የአውራ ጣት ያህል ይበቃል።

ይህን ትምህርት ማስረሳት ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ምግቡ ይቀርባል። ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል። ካልበላ ሳህኑ ይነሣል፤ ሳይቆጡ፣ ሳያባብሉ። በመካከሉ ውሃ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ ቢበዛ በሁለተኛው ቀን ሳህኑን ያከብራል። በዚህ ዘዴ ላይ ግን አጥብቄ የማስጠነቅቀው ነገር አለ፦ ለቡችላ አይሠራም። ዕድሜው አራት ወር ያልሞላ ትንሽ ዘር ቡችላ በጉበቱ የሚያከማቸው ስኳር እጅግ ጥቂት ነው። ለጥቂት ሰዓታት ካልበላ፣ ይልቁንም በብርድ ሌሊት፣ የደሙ ስኳር ወርዶ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ቡችላ በቀን አራት ጊዜ ይብላ፤ ሲዝለፈለፍ ከታየ ማር ወይም የስኳር ውሃ ድዱ ላይ ተቀብቶለት ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ከሁሉ ቀላሉ ዘዴ ማሞቅ ነው። ውሻ ምግቡን በምላሱ ሳይሆን በአፍንጫው ነው የሚመርጠው። በክረምት ማለዳ ከማጀት የወጣ ቀዝቃዛ ፍትፍት ሽታ የለውም። በትንሽ የሥጋ መረቅ ለብ ሲል፣ ማለትም የራሱን የውሻውን ሰውነት 38 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ፣ ሽታው ይነሣል። ከአዲስ አበባ በጆንያ የሚመጣው የፋብሪካ ምግብም እንዲሁ ነው። ስቡ አየር ሲያገኘው ይበላሻል፤ ጆንያው ተከፍቶ ሁለት ወር የቆየ ከሆነ እኛ የማይሸተን ለውሻው ይሸተዋል። ትንሽ ውሻ ያለው ሰው ትልቁን ጆንያ ስለረከሰ ባይገዛ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ድስቱ። ስለ ኢትዮጵያ ቤት ውሻ ሲጻፍ ከምንም በላይ ሊባል የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ የውጭ አገር መጻሕፍት የኛን ወጥ አያውቁትምና። ዶሮ ወጥ ለመሥራት የሚገባውን የሽንኩርት ብዛት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለአንድ ዶሮ ኪሎዎች ይከተፋሉ፣ ይቁላላሉ፣ ቀልጠው መልካቸው ይጠፋል። ሽንኩርቱ ባይታይም እዚያው አለ። ሽንኩርት ውስጥ ያሉ የድኝ ውሕዶች የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ መቀቀልም ሆነ ማቁላላት አያጠፋቸውም። ለውሻ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት መርዝ ነው። ለ20 ኪሎው ጠባቂ ይህ ከ300 ግራም በላይ ነው፣ ከድስት እጣቢ ላያገኘው ይችላል። ለ4 ኪሎው ግን 60 ግራም፣ ማለትም አንድ ትንሽ ራስ ሽንኩርት፣ በሁለት ጭልፋ ቁሌት ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚህ የበረታ ነው። የጾም ሽሮም አያመልጥም፤ ዱቄቱ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ሲሠራም ሽንኩርት ይቁላላበታል።

ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ማንም ከበዓሉ ጋር አያገናኘውም። ፋሲካ እሑድ የበላው ውሻ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ድዱ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ወደ ጥቁር ቀይ ይለወጣል፣ ምግብ ይተዋል። ቤተሰቡም «በዓሉ አጠገበው፣ አሁን መራጭ ሆነ» ይላል። ድዱን ከፍቶ ማየት የሚወስደው ቅጽበት ነው፤ ነጭ ከሆነ ጉዳዩ የመምረጥ አይደለም።

ስለዚህ የውሻው ድርሻ ቅመምና ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት ይነሣ። ሥጋው ሲቀቀል ጥቂት ቁራጭ ለብቻ፣ ከእርሱ ጋር እንጀራ ወይም ሩዝ ወይም የተቀቀለ ድንች፣ ትንሽ ካሮት። በጾም ወራት ሥጋ በማይገባበት ቤት እንቁላል ለውሻው ብቻ መቀቀል የሚከብዳቸው አሉ፤ ሳንባና ጨጓራ ቀደም ብሎ ተቀቅሎ ቢደርቅ፣ ወይም ምስርና አተር ያለ ቅመም በደንብ በስሎ ቢታሽ ለጥቂት ሳምንት ይይዛል። ሥጋና እህል ብቻ የሚበላ ውሻ የሚጎድለው ካልሲየም ነው። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት ከደቀቀ፣ ለ4 ኪሎ ውሻ በቀን 1 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የምትያዝ ያህል ናት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን አይሰጥ፤ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጠገበና ስለ ተማረ ውሻ ነው። ሦስተኛው የታመመው ነው፤ እዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም። ትንንሽ ዘሮች መንጋጋቸው ጠባብ ስለሆነ ጥርሳቸው ይጨናነቃል፣ የወተት ጥርሳቸው ሳይወልቅ ይቀራል፣ ድዳቸው ያመረቅዛል። ሊበላ መጥቶ፣ አንዴ ነክሶ፣ ምግቡን ጥሎ የሚሄድ ውሻ ርቦታል፤ አፉን ያመዋል። የወስፋት ትልም ሌላው ነው። ጎልማሳው ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ፣ ቡችላው ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት ምንም ካልቀመሰ የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይየው።

አንድ አደጋ ግን ለብቻው መነገር አለበት። ውሻ ምራቁ ሲዝረበረብ፣ መንጋጋው ሲወርድ፣ ለመዋጥ ሲታገልና ሲያቅተው የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚለው «አጥንት አነቀው» ነው። ሩኅሩኅ የሆነ ሁሉ እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰድዳል። የእብድ ውሻ በሽታ አንዱ መልኩ ልክ ይህ ነው፤ የጉሮሮና የመንጋጋ ጡንቻዎች ሽባ ሆነው ነው ውሻው የማይበላው። ሁልጊዜ አይናከስም፣ ሁልጊዜ አይሮጥም፤ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ አለ። በምራቁ ውስጥ ያለው ቫይረስ በእጅ ላይ ባለች ጭረት ይገባል። የክትባት ካርዱ በእጅ ካልሆነ በቀር አፉ አይነካ፤ ውሻው ከሰው ተለይቶ ይዘጋበትና ሐኪም ይጠራ። የተነከሰ ወይም ምራቅ ቁስሉን የነካው ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ ያጥብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

በዚህ አገር ስለ መራጭ ውሻ ተናግሮ ወደ ደንቆሮ ጫካ ቀና አለማለት አይቻልም። ከመካነ ሰላም በላይ፣ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው ክልል፣ ከደኑ ላይ አስታው፣ ከአስታው ላይ ጓሳውና ጅባራው ይጀምራል። እዚያ የውሻ ወገን የሆነች፣ በክብደቷም ከግቢ ጠባቂያችን የማትበልጥ እንስሳ ትኖራለች፦ ቀይ ቀበሮ። ሴቷ ከ11 እስከ 14 ኪሎ፣ ወንዱ እስከ 19 ኪሎ ይመዝናል። ከኢትዮጵያ ተራሮች ሌላ በዓለም ላይ የትም የለችም። ጎልማሶቹ በጠቅላላው ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ፣ የቀሩት በሰሜን፣ በወሎ፣ በመንዝና በአርሲ ተበታትነው።

በውሻ ወገን እንደ እርሷ ምግብ የሚመርጥ ጥቂት ነው። ተመራማሪው ክላውዲዮ ሲለሮና ባልደረባው በባሌ ያጠኑት ኩስ እንዳሳየው ከምትበላው 96 በመቶው አይጥና ፍልፈል ነው። በሌሎቹ ተራሮችም አይጥ ቀዳሚ ምግቧ እንደሆነ ተረጋግጧል። አፈሟ ቀጭንና ረጅም፣ ጥርሶቿ ትንንሽና የተራራቁ ናቸው፤ ከጉድጓድ አይጥ ለመንጠቅ የተሠሩ። በመንጋ ትኖራለች፣ ለአደን ግን ብቻዋን ትወጣለች፤ አንድ አይጥ ለሁለት አይበቃምና። ስታድን ያየ ሰው አይረሳትም። ሆዷን ከሣሩ አስጠግታ፣ ጆሮዋን ወደ መሬት አዘንብላ፣ ከአንድ ጉድጓድ ፊት ለደቂቃዎች ሳትነቃነቅ ትቆማለች፤ ከዚያ ትዘላለች።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ቪቬክ ቬንካታራማን የመሩት ጥናት በመንዝ ጓሳ ሌላ ብልሃቷን አሳየ። ከጭላዳ መንጋ መካከል ገብታ ስታድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ሲሠምርላት፣ ብቻዋን ስትሆን የሚሠምረው 25 ብቻ ነበር። ጭላዳዎቹም የማትነካቸው መሆኑን አውቀው አይሸሿትም፤ አጠገቧ ካለው ግልገላቸው ይልቅ ሣር ውስጥ ያለችው አይጥ ናት የምታጓጓት። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በባሌ ቀይና ቢጫ ከሆነው ክኒፎፊያ ከተባለ ረጅም አበባ ማር ስትልስ መታየቷ ታትሞ ወጣ፤ አንዳንዷ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ትጎበኛለች። ከአይጥ ውጭ የምትቀምሰው ጥቂት ነው።

የቤታችን ትንሽ ውሻ መምረጥ በሳምንት ይታረማል። የእርሷ ግን በአጥንቷና በጥርሷ ውስጥ ነው። የገብሱ እርሻ ወደ ላይ በወጣ፣ ጓሳው በከብት በተጋጠ ቁጥር የአይጡ ጉድጓድ ይቀንሳል፤ እርሷም ወደ ሌላ ማዕድ በቀላሉ መዞር አትችልም። በባሌ ያለው እስከ አንድ ኪሎ የሚጠጋው ግዙፍ ፍልፈል በወሎ ስለሌለ የደንቆሮዋ ቀበሮ የምትኖረው በዋናነት በትንንሾቹ አይጦች ነው።

የሁለቱ ማዕድ የሚገናኘው በሚርበው ውሻ በኩል ነው። በቤቱ በቂ ያላገኘ ውሻ ወደ ጓሳው ይወጣል፤ ጥምብ ይፈልጋል፣ አይጥ ያሳድዳል፣ ከቀበሮዋ ጋር ይጋፈጣል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ማታ በቤቱ የተመገበ ውሻ ሌሊቱን ግቢው ውስጥ ያድራል። የሚራበው ግን ይዞ የሚወጣው ረኃቡን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ በክትትል ላይ ከነበሩት መንጎች አባላት አብዛኞቹን ጨረሰ፤ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ተመለሰ። ምንጩ የቤት ውሻ ነበር። ለዚህም ነው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በፓርኮቹ ዙሪያ ያሉትን የገበሬ ውሾች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከትበው።

ቀበሮዎቹን ራሳቸውን ለመከተብ ሲታሰብ ጥያቄው እንደገና የምግብ ሆነ። አጥምዶ መርፌ መውጋት አድካሚ ነው፤ ክትባቱን የሚያበላ ነገር ያስፈልጋል። ከአይጥ በቀር ግድ የማይሰጣት እንስሳ ምን ታነሣለች? በባሌ የተለያየ ማባበያ ተሞከረ፤ የተመረጠው የፍየል ሥጋ ሆነ፣ ክትባቱ በውስጡ ተደርጎ፣ በሌሊት በየመንጋው ክልል የሚጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ የአፍ ክትባት እዚያው በይፋ ተጀመረ። ሥጋውን አንሥተው ለበሉ ቀበሮዎች የእብድ ውሻን በሽታ ይከላከልላቸዋል።

ዲስቴምፐር ለተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ግን እንዲህ በሥጋ የሚሰጥ ክትባት የለም። በ2006፣ በ2010ና በ2015 እ.ኤ.አ. በባሌ ቀበሮዎች ላይ የወደቀው እርሱ ነው። በትንፋሽ፣ በንፍጥና በዓይን ፈሳሽ ይተላለፋል። የመጀመሪያ ምልክቱ ትኩሳትና ምግብ መተው ነው። ከብዙ ቡችላ መካከል ተገዝቶ፣ በመኪና ተጉዞ መካነ ሰላም የደረሰ ቡችላ በሁለተኛው ሳምንት ሳህኑን ሲተው፣ ዓይኑ ሲያዥ፣ አፍንጫው ሲደርቅ፣ ቤተሰቡ የሚያስበው የአዲስ አበባውን ምግብ እንደናፈቀ ነው። ቅቤ ይጨመርለታል፣ ጉበት ይጠበስለታል፤ ያልበላውን የግቢው ትልቅ ውሻ ከዚያው ሳህን ይጨርሰዋል። ትልቁ ውሻ ደግሞ ከብት ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል።

ቡችላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው የዲስቴምፐር ክትባት ይጀምራል፤ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻው በሦስት ወሩ ይሰጣል። ወደ ደጋው ከመምጣቱ በፊት ተከታታዩ ያላለቀለት ቡችላ እስኪጨርስ ከግቢ አይውጣ፣ ሳህኑም ለብቻው ይሁን፤ የተረፈው ለሌላ ውሻ አይገልበጥ።